ሚስኮል ሲደረግለት ያለበትን ቦታ የሚልክ የባጃጅ መከታተያ አሠራር

"ሞጁሉ መብራቱ ብልጭ ብልጭ ይላል፣ ኔትወርክ ግን አይዝም።" "ጂፒኤሱ ቦታ አያሳይም፣ ተበላሽቶ ይሆን?" ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ግማሾቹ ጠያቂዎች የጅማ ዩኒቨርሲቲ ቂጦ ፉርዲሳ ካምፓስ ተማሪዎች ናቸው። ሌሎቹ ደግሞ ባጃጃቸውን ለሹፌር ሰጥተው "አሁን አጂፕ ነው ወይስ መርካቶ?" እያሉ የሚያመሹ ባለንብረቶች። መልሱ ለሁሉም አንድ ስለሆነ ከጅምሩ እስከ ጫፉ በቅደም ተከተል አስቀምጬዋለሁ።

የምንሠራው ነገር እንዲህ ነው። ባጃጁ ውስጥ ላለው ሲም ሚስኮል ታደርጋላችሁ። ዕቃው ጥሪውን ይዘጋና ያለበትን ቦታ በካርታ ሊንክ ኤስኤምኤስ ያደርግላችኋል። ጥሪው ስለማይነሳ ከእናንተ ሒሳብ አይቆረጥም። ከዕቃው ሲም ላይ የሚቆረጠው የአንድ መልእክት ብቻ ነው። የኢንተርኔት ጥቅልም አያስፈልግም።

ከወዲሁ ልንገራችሁ፣ እዚህ ሥራ ላይ ሰውን የሚያስለቅሰው ኮዱ አይደለም፣ ኤሌክትሪኩ ነው። 1ኛውን ደረጃ ዘላችሁ ወደ ኮድ አትሩጡ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ሲም800ኤል የጂኤስኤም ሞጁል (ሲም የሚገባበት፣ ጥሪና ኤስኤምኤስ የሚሠራው ክፍል)፣ ከነአንቴናው
- ኒዮ-6ኤም የጂፒኤስ ሞጁል፣ ከነሴራሚክ አንቴናው
- ኢኤስፒ32 ቦርድ (ኮዱ የሚጫንበት፣ ሁለቱን ሞጁሎች የሚያዝ ትንሽ ኮምፒውተር)
- ኤልኤም2596 የቮልቴጅ መቀነሻ፣ 2 ፍሬ
- 1000 ማይክሮፋራድ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ካፓሲተር፣ 10 ወይም 16 ቮልት
- ሬዚስተር፦ አንድ 2.2 ኪሎ ኦም እና አንድ 10 ኪሎ ኦም
- 2 አምፔር ፊውዝ ከነማቀፊያው፣ አንድ 1ኤን4007 ዳዮድ፣ አንድ የ18 ቮልት ቲቪኤስ ዳዮድ
- በስማችሁ የተመዘገበ ሲም ካርድ
- ቴስተር፣ ሶልደር ማድረጊያ፣ ወፈር ያለ ሽቦ፣ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሳጥን

ሬዚስተርና ካፓሲተር ጅማ መርካቶ አካባቢ ያሉ የሬዲዮና የሞባይል ጠጋኞች አያጡም። ከአሮጌ ቴሌቪዥን ፓወር ሰፕላይ የወጣ ካፓሲተርም ካልተነፋ ይሠራል። ሞጁሎቹን ግን ብዙ ጊዜ ከአዲስ አበባ ነው የምናስመጣቸው። ስትገዙ ሁለት ነገር ጠይቁ። ሲም800ኤል የሚሠራው በ2ጂ ብቻ ነው። እዚህ ላሰብነው ጥሪና ኤስኤምኤስ ይበቃል። 4ጂ የምትፈልጉ ከሆነ ኤ7670ኢ ወይም ሲም7600ኢ ውሰዱ። መጨረሻቸው ላይ ያለችው "ኢ" ተራ ፊደል አይደለችም፣ የፍሪኩዌንሲውን ክልል ነው የምታሳየው። መጨረሻው "ኤ" የሆነው ሲም7600 ለአሜሪካ የተሠራ ነው። ረከሰ ብላችሁ ከገዛችሁት 4ጂውን ላይዝላችሁ ይችላል።

ማስጠንቀቂያ

ባጃጁ የእናንተ ቢሆንም መከታተያ እንዳለው ለሹፌሩ ንገሩት። ሰው ሳያውቅ እሱን መከታተል ሌላ ጣጣ ነው፣ ይህ መመሪያም ለዚያ አይደለም። "ሞተሩን በርቀት ማጥፋትስ?" ለሚሉኝ መልሴ አንድ ነው፦ አታድርጉት። ከጅሬን ቁልቁለት ተሳፋሪ ጭኖ የሚወርድ ባጃጅ ሞተሩ በድንገት ከጠፋ የሰው ሕይወት ነው የሚጠፋው። ሽቦ አልባ ዕቃ ራሳችሁ ከውጭ ልታስመጡ ካሰባችሁ ደግሞ መጀመሪያ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ጠይቁ፣ ጉምሩክ ላይ እንዳይቀርባችሁ።

ደረጃ 1፦ ኤሌክትሪኩን ብቻውን አዘጋጁ

ምንም ሞጁል ሳታገናኙ አንዱን ኤልኤም2596 ከ12 ቮልት ባትሪ ጋር አያይዙት። ቴስተሩን መውጫው ላይ አድርጉና ትንሿን ብሎን እያዞራችሁ 4.0 ቮልት ላይ አቁሙት። ብሎኗ ብዙ ዙር ትዞራለች፣ መጀመሪያ ላይ ለውጥ ካላያችሁ ተበላሽቷል አትበሉ። ሁለተኛውን 5.0 ቮልት ላይ አስተካክሉ። 4.0 ለሲም800ኤል፣ 5.0 ለኢኤስፒ32 ነው። ምልክት ጻፉባቸው፣ መልካቸው አንድ ስለሆነ ይምታታሉ።

ለምን 4.0? ሲም800ኤል የሚቀበለው ከ3.4 እስከ 4.4 ቮልት ነው። 5 ቮልት ከሰጣችሁት ሊቃጠል ይችላል። ከ3.4 በታች ሲወርድ ደግሞ ራሱን ያጠፋል። ሞጁሉ ሲያስተላልፍ ለአጭር ቅጽበት እስከ 2 አምፔር ይስባል። ቅጽበቷ ከአንድ ሚሊ ሰከንድ በታች ናት፣ በሰከንድ ከ200 ጊዜ በላይ ትደጋገማለች። በዚያች ቅጽበት ቮልቴጁ ወደ 3.2 ቢወርድም ቴስተራችሁ አማካዩን ስለሚያነብ "4.0" እያለ ይሸውዳችኋል። "ቮልቴጁ ልክ ነው፣ ግን አይሠራም" የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል።

ስለዚህ ካፓሲተሩን ሞጁሉ ፒን ሥር፣ የተቻለውን ያህል አስጠግታችሁ በይዱት። የቅጽበቷን ፍላጎት የሚያሟላው እሱ ነው፣ ራቅ ካለ ሽቦው ራሱ ቮልቴጁን ይበላዋል። ግርፋቱ ነጭ የሆነበት በኩል ኔጌቲቭ ነው፣ ተገልብጦ ከገባ ይፈነዳል። ከመቀነሻው እስከ ሞጁሉ ያለው ሽቦ አጭርና ወፍራም ይሁን። እነዚያ ቀጫጭን ጃምፐር ሽቦዎች ለኤሌክትሪክ መስመር አይሆኑም።

ደረጃ 2፦ ሲሙን ስልክ ላይ ፈትሹ

ሲሙን መጀመሪያ ተራ ስልክ ውስጥ አስገቡት። የፒን ቁልፍ ካለው አጥፉት፣ አለበለዚያ ሞጁሉ ፒኑን እየጠበቀ ይቀራል። ደውሉበት፣ መልእክት ላኩበት፣ የኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ በ*804# ሒሳቡን እዩ። ይህን የምታደርጉት በኋላ ችግር ሲመጣ ሲሙን ከተጠርጣሪዎች ዝርዝር ለማውጣት ነው። የተለመደው ቀይ ሲም800ኤል የሚቀበለው ማይክሮ ሲም ነው፣ ናኖ ከሆነ ማስማሚያ ያስፈልጋል።

ደረጃ 3፦ አንቴናውን ግጠሙ

ኤሌክትሪክ ከመስጠታችሁ በፊት አንቴናው ይግባ። ያለ አንቴና ሲያስተላልፍ ጉልበቱ ወደ ራሱ ስለሚመለስ ሞጁሉን ሊጎዳው ይችላል። ትንሿን ክብ ማያያዣ ቀጥ አድርጋችሁ ተጫኗት፣ ቀጭ ስትል ገብታለች። እሷን ደግሞ ደጋግሞ መንቀልና መሰካት አይወደድም። የተሠራችው ለ30 ጊዜ ያህል ነው፣ ከዚያ እየላላች ትሄዳለች።

ደረጃ 4፦ ሞጁሉን ብቻውን አብሩና መብራቱን አንብቡ

ገና ኢኤስፒ32 የለም። ሲም800ኤል፣ ካፓሲተሩ፣ 4.0 ቮልቱና ሲሙ ብቻ። አሁን መብራቷን ተመልከቱ፦

- በየሰከንዱ ገደማ ብልጭ ካለች ኔትወርክ እየፈለገ ነው።
- በየ3 ሰከንዱ አንዴ ብልጭ ካለች ኔትወርክ ይዟል። የምንፈልገው ይህን ነው።
- ሰባት ስምንት ጊዜ ብልጭ ብላ ትንሽ ቆማ እንደገና ከ"ሀ" ከጀመረች ሞጁሉ እየጠፋ እየበራ ነው። ወደ ደረጃ 1 ተመለሱ።

ሦስተኛውን ብዙ ሰው "ኔትወርክ እየፈለገ ነው" ብሎ ያነበዋል። ከዚያ ሲም ይቀይራል፣ አንቴና ይቀይራል፣ ሌላ ሞጁል ይገዛል። ቁጭ ብላችሁ ብልጭታውን ቁጠሩ። ኔትወርክ የሚፈልግ ሞጁል ሳያቋርጥ ነው የሚቀጥለው። የሚጠፋው ግን ኔትወርኩን ለመያዝ ጮክ ብሎ ሊያስተላልፍ ሲል፣ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ነው የሚያቋርጠው።

ደረጃ 5፦ ኢኤስፒ32ን አገናኙ

"አርዱይኖ ናኖ አለኝ፣ አይሆንም?" ይሆናል፣ ግን ያስቸግራችኋል። ናኖ እውነተኛ የሲሪያል (ከሌላ ዕቃ ጋር መረጃ የሚላላክበት) መስመር ያለው አንድ ብቻ ነው። ለሁለት ሞጁል በሶፍትዌር መስመር ስትፈጥሩለት በአንድ ጊዜ ማዳመጥ የሚችለው አንዱን ነው። ጂፒኤሱን ሲሰማ ጥሪው ያመልጠዋል። ኢኤስፒ32 ሦስት የሲሪያል መስመር አለው፦ አንዱ ለኮምፒውተር፣ አንዱ ለሲም፣ አንዱ ለጂፒኤስ።

- የሲም800ኤል መላኪያ (ቲኤክስ) ወደ ፒን 16። አንዳንድ ቦርድ ላይ "አርኤክስ2" ተብሎ ነው የተጻፈው።
- ፒን 17 በ2.2 ኪሎ ኦም በኩል ወደ ሲም800ኤል መቀበያ (አርኤክስ)። ከዚያው መቀበያ ላይ 10 ኪሎ ኦሙ ወደ ግራውንድ (ኔጌቲቩ መስመር)።
- ፒን 25 ወደ ሲም800ኤል ሪሴት፣ ኮድ ላይ "ኦፕን ድሬን" ተደርጎ (ፒኑ ወደ ግራውንድ ብቻ ይስባል፣ 3.3 ቮልት አይሰጥም)።
- የኒዮ-6ኤም መላኪያ ወደ ፒን 26፣ መቀበያው ወደ ፒን 27። ኤሌክትሪኩን ከኢኤስፒ32 3.3 ቮልት ይውሰድ።
- የሁሉም ግራውንድ አንድ ላይ።

ሁለቱ ሬዚስተሮች የኢኤስፒ32ን 3.3 ቮልት ወደ 2.7 ያወርዱታል። ሲም800ኤል ሲግናሉን የሚፈልገው በ2.8 ቮልት አካባቢ ነው። ያለ ሬዚስተር የሚያገናኙም አሉ፣ ለጥቂት ጊዜም ይሠራላቸዋል። የግራውንዱ ነገር ደግሞ ችላ አይባልም። የጋራ ግራውንድ ከሌለ አንዱ "አንድ" ያለውን ሌላው ከምን ተነስቶ እንደሚለካው አያውቅም፣ የሚመጣላችሁ የተበጣጠሰ ፊደል ነው።

ደረጃ 6፦ ሞጁሉን አናግሩት

ከኮምፒውተር የመጣውን ወደ ሲም800ኤል፣ ከሲም800ኤል የመጣውን ወደ ኮምፒውተር የሚያስተላልፍ አጭር ፕሮግራም ጫኑ። ትዕዛዝ በምትተይቡበት የሲሪያል ሞኒተር መስኮት ላይ ፍጥነቱን 9600፣ የመስመር መጨረሻውን "ሁለቱም" (ኤንኤልና ሲአር) አድርጉ። ትዕዛዞቹን እዚህ በንባባቸው ነው የጻፍኳቸው፣ ስትተይቡ በላቲን ትልልቅ ፊደል ነው።

"ኤቲ" ብላችሁ ላኩ፣ "ኦኬ" መመለስ አለበት። ካልመለሰ መላኪያና መቀበያው ተቀያይሮ ይሆናል። ቀጥሎ "ኤቲ+ሲፒአይኤን?" በሉ። "ሬዲ" ካለ ሲሙን አንብቦታል። "ኤቲ+ሲአርኢጂ?" ስትሉ "0,1" ከመለሰ ተመዝግቧል፤ "0,2" ገና እየፈለገ ነው፤ "0,3" ኔትወርኩ ከልክሎታል፣ ያኔ ጉዳዩ የሲሙ ነው።

"ኤቲ+ሲኤስኪው" የሲግናሉን ጥንካሬ ከ0 እስከ 31 ይነግራችኋል። ከ10 በታች ከሆነ አንቴናውን አንቀሳቅሱ። 99 ማለት በጣም ጠንካራ ማለት አይደለም፣ አላውቅም ማለት ነው። በዚህ ቁጥር ተደስቶ የጻፈልኝ ሰው አንድ ብቻ አይደለም።

ደረጃ 7፦ ጂፒኤሱን ደጅ አውጡት

"ቤት ውስጥ ሞከርኩት፣ አይሠራም።" አዎ፣ አይሠራም። የሳተላይቱ ሲግናል ደርሶን ሲያበቃ እጅግ ደካማ ነው፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ጭራሽ አያሳልፈውም። ሰማይ የሚታይበት ግቢ አውጡት። የሴራሚኩን ካሬ ፊት ወደ ላይ አድርጉ። ሰማዩ ክፍት ከሆነ ከግማሽ ደቂቃ ጀምሮ ቦታውን ሊያገኝ ይችላል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ግን እስከ ሩብ ሰዓት ታገሡት። አራት ሳተላይት ካገኘ ቦታና ከፍታ ያሰላል፣ የቦርዱ መብራትም በየሰከንዱ ብልጭ ማለት ትጀምራለች።

ጂፒኤሱ ሲም ካርድም ኔትወርክም አይፈልግም። መቀበያ ብቻ ነው፣ ወደ ሳተላይት የሚልከው ነገር የለም። ኔትወርክ የሚያስፈልገው ያገኘውን ቦታ ለእናንተ ለመላክ ነው። ወደ ዴዶ ወይም ሰቃ ስትወጡ ኔትወርክ ቢጠፋም ጂፒኤሱ ሥራውን ይቀጥላል።

አሁን ትልቁ ወጥመድ። ጂፒኤሱ ቦታውን የሚልከው በዲግሪና በደቂቃ ነው። ጅማ በግምት 7 ዲግሪ ከ40 ደቂቃ ሰሜን፣ 36 ዲግሪ ከ50 ደቂቃ ምሥራቅ ላይ ናት። ሞጁሉ "0740.0000" እና "03650.0000" ብሎ ነው የሚጽፈው። ይህን 7.40 እና 36.50 ብላችሁ ካርታ ላይ ካስገባችሁ ባጃጃችሁ ወደ ደቡብ ምዕራብ 47 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ይታያል፣ ተሰረቀ ብላችሁ ትደነግጣላችሁ። ደቂቃው ለ60 መካፈል አለበት፦ 40 ለ60 ሲካፈል 0.6667 ነው፣ ስለዚህ 7.6667። ምሥራቁም 36.8333 ይሆናል። "ታይኒ ጂፒኤስ ፕላስ" የሚባለው ላይብረሪ (ተዘጋጅቶ ያለቀ ኮድ) ይህን ራሱ ያሰላዋል፣ እሱን ተጠቀሙ።

ሰዓቱም እንዲሁ የግሪንዊች ነው። ወደኛ አቆጣጠር ለማምጣት 3 ቀንሱ። 6 ካለ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ውጤቱ ዜሮ ወይም ከዜሮ በታች ከሆነ 12 ደምሩ፣ ከ12 ካለፈ 12 ቀንሱ።

ደረጃ 8፦ ፕሮግራሙ የሚሠራው

ሲነሳ "ኤቲ+ሲኤልአይፒ=1" እና "ኤቲ+ሲኤምጂኤፍ=1" ይላክ። የመጀመሪያው የደዋዩን ቁጥር ያሳያል፣ ሁለተኛው መልእክትን በጽሑፍ መልክ ያደርጋል። ከዚያ ፕሮግራሙ ጂፒኤሱን ያለማቋረጥ እያነበበ የመጨረሻውን ጤነኛ ቦታና ሰዓቱን ይያዝ። ረጅም "ዲሌይ" (ፕሮግራሙን የሚያስቆም ትዕዛዝ) አታስገቡ። የመጣውን መረጃ የሚያቆየው ቋት ትንሽ ስለሆነ ፕሮግራሙ አንድ ሰከንድ ሲቆም ሞልቶ የቦታው መረጃ ይቆራረጣል።

ጥሪ ሲመጣ ቁጥሩን ከእናንተ ቁጥር ጋር ያመሳክር፣ የመጨረሻዎቹን 9 አኃዞች ብቻ። አንዳንዴ በ09፣ አንዳንዴ በ+251 ጀምሮ ስለሚመጣ ሙሉውን ካመሳከራችሁ የራሳችሁን ስልክ አያውቃችሁም። ማመሳከሩ ከቀረ ደግሞ በስሕተት የደወለ ሁሉ ባጃጃችሁ የት እንዳለ ይነገረዋል። ከዚያ በ"ኤቲኤች" ይዝጋው፣ ሁለት ሰከንድ ይቆይ፣ በ"ኤቲ+ሲኤምጂኤስ" ሊንኩን ይላክ። የመልእክቱ ማብቂያ ቁጥር 26 የሆነው ባይት ነው፣ እሱ ካልተላከ ሞጁሉ እየጠበቀ ይቀራል። ሊንኩ ውስጥ የሰሜኑ ቁጥር ይቀድማል፣ ከዚያ ኮማ፣ ከዚያ የምሥራቁ።

የተያዘው ቦታ ከአንድ ደቂቃ በላይ ከቆየ መልእክቱ "ከስንት ደቂቃ በፊት" የሚል ይጨምር። መልእክቱን በላቲን ፊደል አድርጉት። በግዕዝ ፊደል ሲሆን ልዩ አላላክ ይፈልጋል፣ አንዱ ኤስኤምኤስም 70 ፊደል ብቻ ነው የሚይዘው።

በመጨረሻ በየጥቂት ደቂቃው "ኤቲ" ይላክ። ደጋግሞ "ኦኬ" ካልመጣ በፒን 25 ሪሴት አድርጎ ሁለቱን ትዕዛዞች እንደገና ይላክ። ሞጁሉ ጠፍቶ ሲነሳ ይረሳቸዋል። "ትናንት ይሠራ ነበር፣ ዛሬ ይጠራል ግን መልስ የለውም" የሚባለው ይኸው ነው። ዋይፋይና ብሉቱዝ ካልተጠቀማችሁ አጥፏቸው፣ ባትሪ ይቆጥባል።

ደረጃ 9፦ ባጃጁ ላይ ግጠሙ

ከባትሪው ፖዘቲቭ ወዲያው ፊውዙ፣ ከዚያ ዳዮዱ፣ ከዚያ ሁለቱ መቀነሻዎች። ፊውዙ ባትሪው ጥግ ይሁን፣ ሽቦው መንገድ ላይ ተፈግፍጎ ሻሲ ቢነካ እሳት እንዳይነሳ። ዳዮዱ መስመሩ ቢገለበጥ ያድናል። ቲቪኤሱ ከዳዮዱ በኋላ ከግራውንድ ጋር ይገናኛል፣ ከዲናሞው የሚመጣውን ድንገተኛ ከፍታ ይውጣል። መስመሩን ከቁልፉ በኋላ ካለው ሽቦ አትውሰዱ፣ ባጃጁ ቆሞ ሳለ ነው በጣም የምትፈልጉት።

የጂፒኤሱ አንቴና ከሸራው ሥር፣ ፊቱ ወደ ሰማይ። የባጃጅ ጥቅሙ ጣሪያው ሸራ መሆኑ ነው፣ ሲግናሉ ያልፋል። ከዳሽቦርዱ ብረት ሥር ግን አይሆንም። የሲሙ አንቴና ከጂፒኤሱ ቢያንስ አንድ ስንዝር ይራቅ፣ ሲያስተላልፍ ጂፒኤሱን ያደነቁረዋል። የሽቦው መግቢያ ከሳጥኑ በታች በኩል ይሁን፣ ሽቦውም ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ጎንበስ ይበል። የጅማ ዝናብ ሽቦ ተከትሎ እንዴት እንደሚገባ ክረምት ላይ የሠራ ያውቀዋል።

ደረጃ 10፦ ዙሩና ፈትሹት

ከመርካቶ ተነስታችሁ እስከ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ውጡና እዚያ ሚስኮል አድርጉ። ሊንኩን ከስልካችሁ ካርታ ጋር አስተያዩ። የጥቂት ሜትር ልዩነት ጤነኛ ነው። ቀጥሎ በአጋሮ መንገድ ከቡና ጥላ ዛፎች ሥር ቁሙና ድገሙት። እርጥብ ቅጠል ሲግናል ስለሚያዳክም ልዩነቱ ሰፋ ይላል፣ ይህ ብልሽት አይደለም።

ሌሎች የተለመዱ ስሕተቶች

ሞጁሉን ከኢኤስፒ32 5 ቮልት ወይም 3.3 ቮልት ፒን ማብራት። አንዱ ይበዛበታል፣ ሌላው ያንሰዋል።

ኮምፒውተር ዩኤስቢ ላይ ሠርቶ ባጃጅ ላይ እምቢ ካለ ሞተሩ በሚነሳበት ቅጽበት የባትሪውን ቮልቴጅ እዩ። የደከመ ባትሪ በዚያ ሰዓት በጣም ይወርዳል።

ባጃጁን ለሳምንታት ማቆም። ዕቃው በቀን 1.5 አምፔር ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ረጅም ጊዜ የሚቆም ከሆነ ፊውዙን ንቀሉ።

የዕቃውን ሲም ሒሳብ መርሳት። ጥሪ ይገባል፣ ይዘጋል፣ መልእክት ግን አይመጣም፤ ሰው ሁሉ ኮዱን መበርበር ይጀምራል። ሲሙን ሳታወጡት በ"ኤቲ+ሲዩኤስዲ" *804# ማስላክ ይቻላል። መልሱ በ12 እና በ13 የሚጀምሩ አራት አራት አኃዞች ሰንሰለት ሆኖ ከመጣ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ መልእክት ነው። ሲሙን ስልክ ላይ አድርጋችሁ የኔትወርኩን ቋንቋ ወደ እንግሊዝኛ ቀይሩት፣ ከዚያ ሒሳቡ በግልጽ ይነበባል።